የድሮ ባለ ጉልት ቤተሰብን በመሬት ሰነድ እንዴት እንፈልግ? ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

“የእኛ ሰዎች ከጥንት ባለ ጉልት ነበሩ” የሚል ቤተሰብ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ማስረጃው የት አለ? እስከ ዘርአ ያዕቆብ፣ እስከ ዓምደ ጽዮን ዘመን ድረስ በጽሑፍ መከተልስ ይቻላል? በከፊል ይቻላል። የሥራው ትልቁ ክፍል ደግሞ ከከተማው ሳትወጡ የሚያልቅ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰውን ሳይሆን መሬቱን ተከተሉ። እኛ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለንም። የልጅ ስም ከአባት ስም ጋር ይጠራል፣ ከአያት በላይ ያለው ይረሳል። በዚያ ላይ አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ አንዳንዴም የፈረስ ስም አለው። የመሬቱ ስምና የደብሩ ስም ግን መቶ ዓመትም አራት መቶ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሦስተኛው ትውልድ ላይ ይቆማል። በመሬት የሚፈልግ ሰው ግን መንገዱ ቢጠፋበትም መልሶ ያገኘዋል።

1. ርስትንና ጉልትን ለዩ

ይህን ሳይለዩ መዝገብ ቤት መሄድ ድካም ብቻ ነው።

ርስት ከአቅኚው አባት በዘር የሚወረድ የመሬት መብት ነው። ጉልት ደግሞ ንጉሥ ወይም ትልቅ ሹም ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገዳም ወይም ለባለሟል የሚሰጠው፣ ከመሬቱ ግብር የመቀበልና የማስተዳደር መብት ነው። ጉልቱ ለዘር እንዲተላለፍ ሲፈቀድ ርስተ ጉልት ይባላል። በአንድ መሬት ላይ ባለ ርስቱ አንድ ሰው፣ ባለ ጉልቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለፈላጊው ይህ ምን ማለት ነው? ርስት በአብዛኛው አይጻፍም ነበር። የሚታወቀው በአፍ፣ በዘር ቆጠራ ነው። የሚጻፈው ጉልት ነው። ስለዚህ ቅድመ አያቶቻችሁ ተራ ባለ ርስት ከነበሩ በቀጥታ “ይህ መሬት የእገሌ ነው” የሚል ሰነድ አትጠብቁ። የምታገኟቸው በጎን ነው። ምስክር ሆነው፣ የአገሩ ሹም ሆነው፣ ከደብሩ ጋር ተካስሰው ወይም ተስማምተው። ስማቸው ከዳር የሚቀመጥ ሰዎች ናቸውና ዳሩን ማንበብ ልመዱ።

2. ከቤት ጀምሩ

አዛውንቶቹ በሕይወት እያሉ ጠይቁ። ይህን ለነገ አታሳድሩት።

“ዘራችን ከማን ነው?” ብላችሁ ብትጠይቁ ከንጉሥ ዘር የሚጀምር ተረት ትሰማላችሁ። ጥያቄውን ወደ መሬቱ አዙሩት። “እማማ፣ ልጅ ሳሉ ርስታችሁ የት ነበር? ደብራችሁ ማን ነው? ሰው ሲሞት የት ትቀብሩ ነበር? ግብር ለማን ይገባ ነበር? ከዘመድ ጋር የተካሰሳችሁበት መሬት አለ?” የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። የርስት ክርክር ላይ ሁለቱም ወገን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ዘሩን መቁጠር ነበረበት። የተካሰሰ ቤተሰብ የዘር ሐረጉን በደንብ ያውቃል።

ለጋብቻ ሲባል “እስከ ሰባት ቤት” የሚቆጥሩ ሽማግሌዎችም አሉ። እነሱን በቴፕ ቅዱ፣ አሁን ስልክ ይበቃል። በሰማችሁት ቅደም ተከተል ጻፉ፣ አታስተካክሉ።

የእናትን ወገን አትዝለሉ። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል። በአባት በኩል ብቻ የሚቆጥር ሰው የቤተሰቡን መሬት ግማሹን ይስታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ትልቁ ርስት የመጣው በአንዲት ሴት አያት በኩል ሆኖ ይገኛል።

ሳጥኑንም ፈትሹ። የግብር ደረሰኝ፣ የቀላድ (የመሬት ልኬት) ወረቀት፣ የፍርድ ግልባጭ፣ በቆዳ የተጠቀለለ ማንኛውም ነገር። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ከ2016 ወዲህ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፣ ብዙ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ዕቃ ሲጫን ቀድሞ የሚጣለው አሮጌ ወረቀት ነው። ዘመዶቻችሁ ሊለቁ ከሆነ ቀድማችሁ ድረሱ።

3. ከ1967 ወደ ኋላ ሂዱ

የመካከለኛውን ዘመን ለመድረስ መጀመሪያ የቅርቡን ዘመን መሻገር አለ። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሆነ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 ተወረሰ። ከዚያ በፊት ያለው ሰነድ የግብር፣ የቀላድና የፍርድ ቤት ነው።

በቀላድ የተለካ አገር ከሆነ (ሸዋና ደቡቡ በአብዛኛው) መሬቱ በጋሻ ይቆጠራል። አንድ ጋሻ በተለምዶ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ያልተለካ አገር ከሆነ (ጎጃም፣ ጎንደር፣ ትግራይ) ግብሩ በአገሩ ስም በጅምላ የተመዘገበ ይሆናል። ይህን ዘመን ለመረዳት የባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን “ዝክረ ነገር” አጠገባችሁ አድርጉ። በ1942 የታተመ ነው። የመሬት ዓይነት፣ የግብር ዓይነት፣ የማዕረግ ስም፣ የፈረስ ስም ሳይቀር ይዟል። “ማደሪያ”፣ “ሰሞን”፣ “ሲሶ” የሚሉ ቃላት ሲያጋጥሟችሁ እዚያ ተመልከቱ።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህ ፍለጋ መሬት አያስመልስም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ለታሪክ ብላችሁ ፈልጉ። በየደብሩ ስትጠይቁም ይህን ቀድማችሁ ተናገሩ፣ አለበለዚያ ሰው ይፈራችኋል፣ አያወራችሁም።

4. የት ትሄዳላችሁ?

ከአራት ኪሎ ሽቅብ ውጡ። አምስት ኪሎ፣ ቅድስት ማርያም አጠገብ፣ የመንበረ ፓትርያርኩ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ። ወደ ስድስት ኪሎ ስትቀጥሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛል። ግቢው ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ተቋሙ የብራና መጻሕፍት፣ ማይክሮፊልምና የታተመ ጥናት በአንድ ላይ ስላለው እኔ ብሆን ከዚያ እጀምራለሁ። ሦስተኛው ወመዘክር ነው፣ በ1936 የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት። ለ19ኛውና ለ20ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት እሱ ዋና ነው።

መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ደብዳቤው ላይ “ለጥናት” ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ማንም አይረዳችሁም። የምትፈልጉትን ደብርና አገር ስም ያስገቡበት። እስክሪብቶ ቤት አስቀሩ፣ እርሳስ ያዙ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ፍላሽ በፍጹም አትጠቀሙ።

ቤት ሆናችሁ የምትሠሩትም አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረ ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂው ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብዙው አሁን በኢንተርኔት በነፃ ተመዝግቦ ይታያል። መለያው ኢ.ኤም.ኤም.ኤል ሲሆን እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር አለው። ለምሳሌ ቁጥር 1832 የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው፤ በውስጡ የገዳሙ የመሬት ሰነዶች ተጽፈዋል። የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት የሚዘረዝሩት ካታሎጎች በእንግሊዝኛ ስለሆኑ “ላንድ”፣ “ግራንት”፣ “ቻርተር” በሚሉ ቃላት ፈልጉ። ከዚያ የደብሩን ስም አክሉበት።

ፍለጋችሁ ጎንደር ከሆነ ለንደንን አትርሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያከማቹትን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በ1860 ሚያዝያ ዘርፎ ወሰደ። ብዙዎቹ አሁን በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ዳርና ዳራቸው ላይ የጎንደር መሬት ሰነዶች አሉ። ከአያቶቻችን ማስረጃ ብዙው አሁንም በሰው አገር መቀመጡ ያንገበግባል። በኢንተርኔት የተለቀቁትን ግን ማየት ይቻላልና እዩ።

አክሱምንና ሰሜኑን ለሚፈልግ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሀንቲንግፎርድ የተረጎማቸው የሰሜን ኢትዮጵያ የመሬት ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ1965 እዚሁ አዲስ አበባ ታትመዋል።

5. ሰነዱን መጽሐፉ ውስጥ አግኙት

የመሬት ሰነድ ብቻውን ተጠርዞ አይገኝም። ወንጌል ውስጥ ነው የሚገባው። ወንጌል የሚማልበት መጽሐፍ ነው፣ ከደብሩም በቀላሉ አይወጣም። አንዳንዱ ወንጌለ ወርቅ ይባላል። ተአምረ ማርያምና ስንክሳር ላይም ይገኛል።

ዋናውን ጽሑፍ እለፉት። የመጀመሪያዎቹን ባዶ ገጾች፣ የመጨረሻዎቹን፣ በአንዱ ወንጌላዊና በሌላው መካከል የቀረውን ክፍት ቦታ፣ የኅዳጉን ዳር ተመልከቱ። ጽሕፈቱ ከዋናው ይለያል። ቀጠን ያለ ወይም የተጣደፈ ይሆናል። “ጐለትኩ” (ጉልት አድርጌ ሰጠሁ)፣ “ወሀብኩ” (ሰጠሁ) የሚል ቃል ካያችሁ ደርሳችኋል።

መልኩን ለማሳየት ያህል እኔ ያዘጋጀሁትን ናሙና እነሆ፣ ከየትኛውም መጽሐፍ አልተወሰደም፦

“ጐለትኩ አነ ንጉሥ ዘርአ ያዕቆብ ወስመ መንግሥትየ ቈስጠንጢኖስ ምድረ እገሌ ለቤተ ክርስቲያን እገሌ። ወእንዘ ዐቃቤ ሰዓት አባ እገሌ፣ ወሥዩመ ሀገር እገሌ ወልደ እገሌ። ወሰማዕት እገሌ ወእገሌ እኁሁ። ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን።”

በአጭሩ፣ ንጉሡ የእገሌን ምድር ለእገሌ ቤተ ክርስቲያን ጉልት አድርጎ ሰጠ፣ በዚያን ጊዜ የነበሩት ሹማምንትና ምስክሮች ተቆጠሩ፣ ሰነዱን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ብዙ ሰው የንጉሡን ስም አይቶ ደስ ብሎት መጽሐፉን ይዘጋል። ለእናንተ የሚጠቅመው መካከሉ ነው። “ወእንዘ” ከሚለው ቀጥሎ በዚያን ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበሩት ይዘረዘራሉ። ዐቃቤ ሰዓቱ (የቤተ መንግሥቱ ትልቅ ካህን)፣ ንቡረ እዱ (የአክሱም ጽዮን አለቃ)፣ የአገሩ ሥዩም (ሹም)። “ሥዩመ ሀገር” የተባለው ሰው ነው ከአካባቢው ባለ መሬት ቤተሰብ የመሆን ዕድሉ ትልቅ የሆነው። “ወእገሌ እኁሁ” ማለት ወንድሙ ነው፤ በሁለት ቃል ሁለት ዘመዳሞች አገኛችሁ። የመጨረሻው ውግዘት ደግሞ ሰነዱ የት እንዳበቃ ይነግራችኋል። ከሥሩ አዲስ ሰነድ ይጀምር ይሆናልና ገጹን አትገልብጡት።

ግዕዝ ካልቻላችሁ የሚያነብላችሁ መሪጌታ ፈልጉ። አዲስ አበባ ውስጥ አይቸግርም፣ ደብራችሁን ጠይቁ። የድካሙን በወግ ክፈሉ። ስሙንም ማስታወሻችሁ ላይ “ያነበበው” ብላችሁ ጻፉ።

6. ዓመቱን አስሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የድሮ ጸሐፊ “ዓመተ ምሕረት” ሲል እንደ ዛሬው ከልደት መቁጠሩ ላይሆን ይችላል። በየ532 ዓመቱ ከ1 እንደገና የሚጀምር ቆጠራ አለ፣ ዐቢይ ቀመር የሚባለው። በዛሬው አቆጣጠራችን አንዱ ዙር የጀመረው በ1341 ነው። ስለዚህ ብራናው “፻፭ ዓመተ ምሕረት” ካለ 105 ላይ 1,340 ደምሩ። 1445 ይመጣል። ዘርአ ያዕቆብ የነገሠው ከ1426 እስከ 1460 ስለሆነ ይገጥማል። ከእሱ በፊት ያለው ዙር ቢሆን ኖሮ የሚደመረው 808 ነበር፣ 913 ይሆናል፣ ከንጉሡ ጋር አይሄድም።

አሁን ወንጌላዊውን ፈትሹ። 1445 ላይ 5,500 ደምሩ፣ 6,945። ለ4 አካፍሉ። 1 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ሰነዱ “ዘመነ ማቴዎስ” ካለ ተስማማ። “ዘመነ ሉቃስ” ካለ ግን አንዱ ቦታ ስህተት አለ። ቁጥሩን በድጋሚ እዩት፤ ፮ እና ፯ በቀላሉ ይምታታሉ። 532 ለ4 እኩል ስለሚካፈል ወንጌላዊው ዙሩን አይለይላችሁም። ዙሩን የሚለየው የንጉሡ ስም ነው።

“እምፍጥረተ ዓለም” ብሎ ሰባት ሺህ ምናምን ካለ ቀላል ነው። 5,500 ቀንሱ።

የንጉሡም ስም ያሳስታል። ላሊበላ፣ ዓምደ ጽዮንና ይስሐቅ ሦስቱም የመንግሥት ስማቸው ገብረ መስቀል ነው። “ገብረ መስቀል” የሚል ብቻ አይታችሁ ቤተሰቡን ወደ ላሊበላ ዘመን ካወጣችሁት ሁለት መቶ ዓመት ልትዘሉ ትችላላችሁ። በኋላ ዘመን ደግሞ “ሰገድ” ይበዛል። ወናግ ሰገድ ልብነ ድንግል ነው፣ አጽናፍ ሰገድ ገላውዴዎስ፣ መለክ ሰገድ ሠርፀ ድንግል፣ ዓለም ሰገድ ፋሲል፣ አድያም ሰገድ ታላቁ ኢያሱ። ይህችን ዝርዝር ማስታወሻችሁ የውስጥ ሽፋን ላይ ጻፏት።

7. ስሞቹን ፍቱ

“ዮሐንስ ወልደ ሚካኤል” የሚል አገኛችሁ እንበል። የሚካኤል ልጅ ዮሐንስ ነው? ወይስ የአባቱ ስም ወልደ ሚካኤል ነው? ከአንድ ሰነድ መፍረድ አይቻልም። ሰውዬው ሌላ ሰነድ ላይ እስኪገኝ ሁለቱንም ጻፉ፣ አንዱን አትምረጡ።

ሁለተኛው ወጥመድ የቆብ ዘር ነው። በገዳም ጽሑፍ ውስጥ “አባ እገሌ አባ እገሌን ወለደ” የሚል የትውልድ ሐረግ ይገኛል። ይህ የመንፈስ ልጅነት ነው፣ ያመነኮሰውን መቁጠር ነው። የሥጋ ዘር አድርገው ቤተሰባቸው ውስጥ የሚከቱት ሰዎች አሉ። “አባ” የሚል ካለበት ቁሙ፣ አረጋግጡ።

ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ስትደርሱ ሥራው ይቀላል። እዚያ የመሬት ሽያጭ ሳይቀር ይጻፋል። የሻጭ ስም፣ የገዢ ስም፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ የምስክሮች ስም ዝርዝር። ሴቶች በስማቸው ሲሸጡና ሲገዙ ታገኟቸዋላችሁ። ከዘመዳማቾቹ ብዙዎቹ ምስክር ሆነው ከሥር ይደረደራሉ።

8. ክፍተቱን እወቁት

ሸዋንና የድሮውን አምሐራ የሚፈልግ ሰው 1521 ላይ ግድግዳ ይገጥመዋል። ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግል በአሕመድ ግራኝ ከተሸነፉ በኋላ እስከ 1535 በቆየው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። ቀጥሎ የሕዝብ እንቅስቃሴ መጣ፣ የአገር ስም ተለወጠ። እዚሁ እንጦጦ ግድም ወይም በዙሪያው ነበረች የምትባለውን የንጉሥ ከተማ በረራን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1460 ገደማ በተሠራው የፍራ ማውሮ ካርታ ላይ ተጽፋለች። ዛሬ ስሟ የለም፣ ቦታዋ አሁንም ያከራክራል። የነገሥታት መቀመጫ እንዲህ ከጠፋ የአንድ ቤተሰብ መሬት ስም ቢጠፋ አይገርምም።

ስለዚህ የሸዋ ቤተሰብ ከ1521 በፊት ካለ ሰነድ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ነገር ካልተገኘ ክፍተቱን ክፍት ተዉት። በስም መመሳሰል ብቻ አትሙሉት። የጣና ደሴቶችና ትግራይ የተሻሉ ናቸው፣ ከዚያ በፊት የተጻፉ መጻሕፍት ተርፈዋል። በጉሎ መኸዳ ዑራ መስቀል የዛጉዌው ንጉሥ ጣንጣውድም የሰጠው የ12ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ሰነድ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ደብር አካባቢ ዘር ካላችሁ ታድላችኋል።

9. ተጠራጠሩ

ጉልት ጥቅም ነው። ጥቅም ባለበት ሐሰተኛ ሰነድ አለ። በኋላ ዘመን ተገልብጦ የገባም ብዙ ነው፣ ግልባጭ መሆኑ ብቻውን ሐሰት አያደርገውም። የሚያስጠረጥሩት እነዚህ ናቸው። ወንጌላዊው ከዓመቱ ጋር አይገጥምም። የተጠቀሰው ዐቃቤ ሰዓት ወይም ንቡረ እድ በዚያ ንጉሥ ዘመን አልነበረም። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነኝ የሚል ሰነድ የኋላ ዘመን አማርኛ ይናገራል። ወይም የተፋቀ ቦታ ላይ የመሬት ስም ተተክቷል። ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ፍቅፋቂው ይታያል፣ ይህን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ያድርግላችሁ።

10. መዝግቡ

የዘር ሐረግ ዛፍ መሳል ቶሎ አትጀምሩ። መጀመሪያ በሠንጠረዥ ሥሩ። የመሬቱ ስም፣ ደብሩ፣ ዓመቱ (እንደተጻፈውና እንዳሰላችሁት)፣ ሰውየው፣ ሹመቱ፣ ከማን ጋር እንደተጠቀሰ፣ የመጽሐፉ ቁጥርና ቅጠሉ። ቅጠሉን ካልጻፋችሁ ነገ ራሳችሁ መልሳችሁ አታገኙትም። ገጹ የቅጠሉ ፊት ወይም ጀርባ መሆኑንም ጨምሩ።

ሁለት ሰዎችን አባትና ልጅ ብላችሁ ለማገናኘት ቢያንስ ሁለት ነገር ይግጠም። ያው መሬት፣ እንዲሁም ስም ወይም ሹመት ወይም የጋራ ምስክር። አንድ ነገር ብቻ ከገጠመ በነጠብጣብ መስመር አገናኙ። በአፍ የሰማችሁትን በአንድ ቀለም፣ በጽሑፍ ያያችሁትን በሌላ ጻፉ። ሁለቱን አታቀላቅሉ።

ወደ አገሩ ደብር ስትሄዱ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይዛችሁ ቄሰ ገበዙን አናግሩ። ወንጌሉ ከዕቃ ቤት የሚወጣው በእሳቸው ፈቃድ ነው። በበዓል ቀን አትሂዱ፣ ጊዜ የላቸውም። ሥራው ሲያልቅ ያነበባችሁትን በንጹሕ አማርኛ ገልብጣችሁ አንድ ቅጂ ለደብሩ፣ አንድ ቅጂ ለስድስት ኪሎው ተቋም፣ አንዱን ደግሞ መጀመሪያ ለጠየቃችኋቸው አዛውንት ስጡ። አዛውንቱ ዓይናቸው ከደከመ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። ስሞቹን ሲሰሙ የሚጨምሩት ነገር አይጠፋም፤ እርሳሱን አታስቀምጡ።